የብየዳ ማሽን ለምትገዙ፦ ከኤሌክትሮዱ በፊት መስመሩ ይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ በብየዳና በኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ የምንተዳደር ሙያተኞች ነን። ጉዳዩ የብዙ ቤተሰብ ልጆችን ስለሚመለከት በጋዜጣዎ ላይ ቦታ እንዲሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ቀደም ሲል የብየዳ ማሽን ማለት በመዳብ ጥቅል የተሞላ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ሳጥን ነበር። ስለዚህ የሚገኘው በጋራዥና በብረታ ብረት ቤት ብቻ ነው። መስመሩን ባለሙያ ዘርግቶለታል። ጀማሪውም ፒንሳውን፣ ማለትም እየቀለጠ የሚበይደውን ዘንግ (ኤሌክትሮዱን) ቆንጥጦ የሚይዘውን መያዣ፣ ከመጨበጡ በፊት ብረት ሲያቀብልና በብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት ሲያራግፍ ወራት ይቆያል። አሁን ኢንቨርተር የሚባለው ትንሽ ማሽን መጥቷል። አምስት ስድስት ኪሎ ይመዝናል፣ በማንገቻ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ከኮምቦልቻ ደሴ ይወጣል። ሥራ ፈላጊ ወጣት በራሱ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ሊገዛው መቻሉ በጣም ደስ ይለናል። የሚያሳስበን ያ የወራት ልምምድ በካርቶኑ ውስጥ ታሽጎ አለመምጣቱ ነው። ካርቶኑ ሲከፈት ማሽኑ፣ ሁለት አጫጭር ኬብሎች፣ በእጅ የሚያዝ የፕላስቲክ ጭምብልና ትንሽ መዶሻ ይወጣሉ። በዚያው ቀን ማሽኑ መኝታ ቤት ካለው ሶኬት ላይ ይሰካል።

ለገዢ የምንለው ይህን ነው፦ የማሽኑን ዋጋ ስታስቡ የገመዱን፣ የብሬከሩን፣ የማስኩንና የጓንቱን ዋጋ አብራችሁ አስቡ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ አነስ ያለ ማሽን ግዙና ልዩነቱን ለእነዚህ አውሉት። ለበርና መስኮት፣ ለአጥርና ለአልጋ ሥራ በትክክል 140 ወይም 160 አምፔር የሚሰጥ ማሽን ከበቂ በላይ ነው።

«በትክክል» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀፎው ላይ በትልቁ 250 ወይም 300 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሞዴሉ መጠሪያ እንጂ የማሽኑ አቅም አይደለም። እውነቱ ያለው ከጀርባው ወይም ከሥሩ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። እዚያ ላይ ኤክስ ከሚለው የላቲን ፊደል ትይዩ መቶኛዎች ተደርድረዋል። ከ60 በመቶ ሥር 120 አምፔር ከተጻፈ፣ ማሽኑ በ120 አምፔር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን ደቂቃ ይበይዳል፣ 4ቱን ያርፋል ማለት ነው። ከ100 በመቶ ሥር ያለው ደግሞ ያለ ዕረፍት የሚችለው ነው። እንዲሁም ከመስመር የሚስበው ከፍተኛው አምፔርና በአማካይ የሚስበው አምፔር ለየብቻ ተጽፈዋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦና ብሬከር የሚመርጠው እነዚህን አይቶ ነው። ሰሌዳው ባዶ የሆነ ወይም ጨርሶ ሰሌዳ የሌለው ማሽን አትግዙ።

የእኛ አገር ሰው በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር አለ። እነዚህ ማሽኖች የሚመዘኑበት ዓለም አቀፍ ደረጃ ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ የተቀመጠ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በደሴ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ የማሽኑ ማራገቢያ ያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የጦሳ ተራራ ብርድ ጥቂቱን ያካክሳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። በኮምቦልቻ ደግሞ ከፍታው ዝቅ ቢልም የቀትሩ ሙቀት አለ። ስለዚህ ሰሌዳው 6 ደቂቃ ካለ እናንተ 4 አድርጉት። የሙቀት መብራቱ ከበራ ማሽኑን አታጥፉት። ብየዳውን አቁማችሁ ማራገቢያው እየዞረ ራሱን እንዲያቀዘቅዝ ተዉት። ወዲያው ማጥፋት ሙቀቱን ውስጡ ማፈን ነው።

አሁን ወደ መስመሩ እንምጣ። ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንጽፋለን። በ100 አምፔር ስትበይዱ አርኩ፣ ማለትም በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚበራው ብልጭታ፣ 24 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ ይህ 2.4 ኪሎ ዋት ነው። ማሽኑ ራሱ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመር፣ ርካሾቹ ኢንቨርተሮች ደግሞ ከመስመር የሚስቡት በተቆራረጠ ሁኔታ ስለሆነ፣ ከግድግዳው የሚወጣው 20 አምፔር አካባቢ ይሆናል። የቤት ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። በ2.5 ሚ.ሜ ኤሌክትሮድ በ75 አምፔር ለአጭር ጊዜ ከሆነ ጤነኛ ሶኬት ይችለዋል። በ3.2 ሚ.ሜ ኤሌክትሮድ ሙሉ ቀን ግን አይችልም። መጀመሪያ ስፒናው ይሞቃል፣ ቀጥሎ የሶኬቱ ፕላስቲክ ይጠቁራል፣ ከዚያ በግድግዳው ውስጥ ያለው የሽቦ ልባስ መቅለጥ ይጀምራል። የጭቃ ቤት ከሆነ ከጭቃው ጀርባ ደረቅ እንጨትና ጭድ አለ።

ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ ብሬከር መቀየር በሁለቱም ከተሞች የተለመደ «መፍትሔ» ነው። ይህ በቁም ቤትን ለእሳት መስጠት ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ባለ 16ቱን አውጥታችሁ ባለ 40 ስታስገቡ ሽቦው አልወፈረም፤ ከእንግዲህ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ትክክለኛው ከማከፋፈያ ሳጥኑ ለብየዳ ማሽኑ ብቻ የወጣ መስመር ነው፦ 4 ካሬ ሚ.ሜ የመዳብ ሽቦ፣ ሲ 25 ተብሎ የተጻፈበት ብሬከር፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊው ባለ 32 አምፔር ሶኬት ከነስፒናው፣ ሦስተኛው የኧርዝ ሽቦም እስከ መሬት ዘንግ ድረስ የተገናኘ። ይህን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን። የቤቱ ቆጣሪ ጭነቱን የማይችል ከሆነ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ አመልክቶ አቅሙን ማሳደግ እንጂ ከፖል መንጠቅ መፍትሔ አይደለም። ከፖል የተነጠቀ መስመር ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ በመካከሉ ምንም የሚቆርጥ ነገር የለውም። ሰው ሲይዘው ይዞት ይቀራል።

የተላጠ ሽቦ ሶኬት ውስጥ በክብሪት እንጨት ወትፎ መሥራትም ይቅር። ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚሰካበት ዲቫይደር ለብየዳ አይሆንም።

የኤክስቴንሽን ነገር በቁጥር ቢታይ ይሻላል። 50 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 1.5 ካሬ ሚ.ሜ የመዳብ ገመድ 20 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 23 ቮልት በመንገድ ይቀራል። 220 የነበረው 197 ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው፤ ወደ 470 ዋት የሚጠጋ ሙቀትም በገመዱ ላይ ይቀራል። ገመዱ በመጠቅለያው ላይ እንደተጠመጠመ ከሆነ ያ ሙቀት መውጫ ስለሌለው ልባሱ ይቀልጥና ሽቦዎቹ ይነካካሉ። ያው ርዝመት በ4 ካሬ ሚ.ሜ ቢሆን የሚቀረው 9 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ጀማሪ «ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ ማሽኑ ደካማ ነው» ሲል ከማሽኑ በፊት ገመዱን ይመልከት። ገመዱን ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። መብራት ሲጠፋ በጄነሬተር የምትሠሩ ከሆነ ለ2.5 ሚ.ሜ ኤሌክትሮድ ከ5 ኪሎ ቮልት አምፔር ያላነሰ፣ ለ3.2 ሚ.ሜ ደግሞ ከ7 ያላነሰ ይሁን። ጄነሬተሩ ተነስቶ እስኪረጋ የብየዳ ማሽኑ ተዘግቶ ይቆይ። ሥራ ሲያበቃም መጀመሪያ የብየዳ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ጄነሬተሩን አጥፉ።

ስለ ኧርዝ አንድ መደናገር አለ። ብረቱ ላይ የሚቆነጠጠውን ክላምፕ ሁሉም «ኧርዝ» ይለዋል። እሱ የብየዳውን ኤሌክትሪክ ወደ ማሽኑ የሚመልስ ገመድ እንጂ ሰውን ከማሽኑ ቀፎ የሚጠብቀው ኧርዝ አይደለም። ጠባቂው በስፒናው ውስጥ ያለው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ነው። ብዙ ሰው ስፒና ሲቀይር ቆርጦ የሚጥለው ያንኑ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ክላምፑም ንጹሕ ብረት ላይ፣ ለሚበየደው ቦታ ቅርብ ሆኖ ይቆንጠጥ። መኪና ወይም ባጃጅ ላይ ስትበይዱ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ክላምፑ ከአንድ ጫፍ፣ ብየዳው ከሌላ ጫፍ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል ሲያልፍ ኳሶቹን ይበላቸዋል። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ሰውን የሚጠብቀው ባለ 30 ሚሊ አምፔር መቁረጫ በመስመሩ ላይ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚጠብቃችሁ እስከ ማሽኑ ድረስ ብቻ ነው። ከማሽኑ ወዲህ በፒንሳው በኩል ያለውን ኤሌክትሪክ አያየውም።

በፒንሳው በኩል ያለው ደግሞ ሳይበየድ ሲቀር ከ60 እስከ 80 ቮልት ይደርሳል። በደረቅ ጓንትና በደረቅ ጫማ አይሰማም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ፣ የደሴ ጉም ልብስ ሲያረጥብ፣ ወይም በኮምቦልቻ ፀሐይ ጓንቱ በላብ ሲርስ ግን ሊገድል ይችላል። ኤሌክትሮድ በባዶ እጅ አትቀይሩ። ፒንሳውን ብብት ሥር አታድርጉ። ሲግል ውኃ ውስጥ አትንከሩት። ከእግራችሁ ሥር ደረቅ ሳንቃ ወይም ጎማ ይኑር፤ በተለይ ብረት ላይ ተቀምጣችሁ ወይም ተኝታችሁ ስትሠሩ። አይ ፒ 21 የሚል ምልክት ያለው ማሽን ዝናብ አይችልም። ካፊያ ከጀመረ ሥራው ይቁም፣ ማሽኑም ይግባ። ሰው ከተያዘ አትጎትቱት። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፤ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት አላቅቁት። ደህና መስሎ ቢነሳም ሐኪም ይየው።

ወደ ዓይን እንለፍ። የአርኩ ብርሃን ከሚታየው ሌላ የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር አለበት። ሲመታ አያምም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስላል፣ እንባ ይፈሳል፣ ብርሃን ማየት አይቻልም። ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሽራል፤ ደጋግሞ መመታት ግን ዓይንን ይጎዳል። የፀሐይ መነጽር ለዚህ ከንቱ ነው። በኦክስጅንና ካርባይድ ለሚበየደው የተሠራው ቁጥር 5 መነጽርም አይበቃም፤ ፊትንም አይሸፍንም። ለ2.5 ሚ.ሜ ኤሌክትሮድ የማስኩ መስታወት ቁጥር 10፣ ለ3.2 ሚ.ሜ 10 ወይም 11 ይሁን። ቁጥሩ መስታወቱ ላይ ተጽፏል። ራሱ የሚጠቁረው ማስክ ለጀማሪ በእውነት ይጠቅማል፤ አንድ እጅ ስለሚያስለቅቅ አያያዙ ይረጋል። ነገር ግን በየጠዋቱ ባትሪው ይታይ፤ ፊት ያለችው ዳሳሽ በእጅ ወይም በቧንቧ ከተከለለች አይጠቁርም። ዓይን ከተመታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ማረፍ፣ በቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ድንች መለጠፍ፣ ሻይ መጨመር፣ የእናት ጡት ወተት ማንጠብጠብ ለተላጠ የዓይን ገጽ ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። የማደንዘዣ ጠብታም ከፋርማሲ ገዝቶ ደጋግሞ መጠቀም ቁስሉ እንዳይሽር ያደርጋል።

በዚህ ላይ ከልብ የምንማጸነው ለመንገደኛው ነው። በሁለቱም ከተሞች ብየዳ የሚሠራው በደጃፍ፣ ተማሪ በሚመላለስበት መንገድ ዳር ነው። ልጆች ብልጭታውን ቆመው ያያሉ፤ ማታ ሲያለቅሱ እናት ምን እንደነካቸው አታውቅም። አንድ የቆየ ላሜራ ወይም ወፍራም ሸራ ከቁመታችሁ ከፍ አድርጋችሁ በመንገዱ በኩል አቁሙ። አርኩን ከመጫራችሁ በፊትም «ዓይን!» ብላችሁ ጩኹ። ወጪው ከአንድ ፓኬት ኤሌክትሮድ አይበልጥም።

ልብስ ጥጥ ይሁን፤ ጂንስ ወይም የጥጥ ቱታ። የደሴ ብርድ ናይለን ጃኬትና የስፖርት ቱታ ያስለብሳል፤ ናይለን ግን ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። ሱሪው ከጫማው ውጭ ይውረድ። ጫማው ቆዳ ይሁን እንጂ ሸራ ወይም ነጠላ ጫማ አይሁን። ጋቢ ደርቦ መበየድም አይሆንም።

እሳቱን በተመለከተ፦ ፍንጣሪ ከአሥር ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ በስንጥቅ ገብቶም ይቀመጣል። በዚያ ርቀት ውስጥ ነዳጅ፣ ከሰል ማዳበሪያ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ስፖንጅ አይኑር። ማንሳት ካልተቻለ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። በመኖሪያ ቤት መስኮት ስትበይዱ መጋረጃውን አውርዱ፣ የጨርቅ ኮርኒሱንም ተመልከቱ። አሸዋና ውኃ በባልዲ አጠገብ ይኑር፤ ውኃው ግን መስመሩ ሳይቋረጥ አይረጭ። ሥራ አብቅቶ ዕቃ ከተሰበሰበ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አንድ ሰው ቦታውን እየዞረ ይይ። ብዙ ቃጠሎ የሚነሳው ብየዳው ከቆመ በኋላ ነው።

በርሜል፣ የነዳጅ ታንከርና የጋዝ ሲሊንደር ለጀማሪ ጨርሶ ክልክል ናቸው። ከሰል ምድጃ ለመሥራት፣ ውኃ ለማጠራቀም ተብሎ የዘይት ወይም የናፍጣ በርሜል በብየዳ ወይም በግራይንደር ይከፈታል። ባዶው ከሙሉው የከፋ ነው፤ ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ሲቀላቀል አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። በሳሙና አጥበነዋል ማለት መተማመኛ አይሆንም፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት ሲሞቅ እንደገና ይተናል።

ዚንክ የተቀባ ቧንቧና ላሜራም ይለይ። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ አርኩ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይግላል፤ ስለዚህ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል። እሱን የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። የኮምቦልቻ ሰው ይህን ወባ ነው ብሎ ይተኛል። ትኩሳት ያለበት በያጅ ለሐኪሙ ዚንክ ሲበይድ መዋሉን ይንገር፣ ደሙንም ይመርመር፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላልና። ወተት መጠጣት ጢሱን አይከላከልም። የሚከላከለው ቅቡን ከብየዳው ቦታ በሁለቱም ወገን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር በግራይንደር ማንሳት፣ ውጭ መሥራት፣ ነፋሱ ጢሱን ከፊታችሁ እንዲወስደው አድርጎ መቆምና ለብረት ጢስ የተሠራ የአፍ መሸፈኛ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከተሟላ ብየዳው ይጀመር። የሚሻለው መነሻ ኢ6013 የሚባለው ኤሌክትሮድ በ2.5 ሚ.ሜ ነው። በቀላሉ ይጫራል፣ ቅርፊቱ በቀላሉ ይነሳል። ኢ7018 ጠንካራ ብየዳ ይሰጣል፤ ግን ደረቅነት ይፈልጋል፤ በ300 እና በ350 ዲግሪ መካከል ምድጃ ውስጥ ካልደረቀ ጥቅሙ ይቀራል፤ ለጀማሪ አይመከርም። ኢ6013 ቢረጥብ 100 ዲግሪ ገደማ ለአንድ ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ማቃጠል ሽፋኑን ያበላሸዋል፤ በከሰል ላይ መጥበስም አይሆንም። በደሴ ክረምት የተከፈተ ፓኬት ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ውስጥ ካልተቀመጠ ብየዳው በቀዳዳ ይሞላል።

ለመለማመጃ አምስት ወይም ስድስት ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ቁራጭ ላሜራ ያዙ። በ3.2 ሚ.ሜ ኤሌክትሮድ 100 ገደማ፣ በ2.5 ሚ.ሜ ከ60 እስከ 90 አምፔር ነው ክልሉ። በ75 ጀምሩ። ዝገቱንና ቀለሙን አንሱ። ኤሌክትሮዱን ክብሪት እንደመጫር አድርጋችሁ ጫሩት፤ ሲበራ ከብረቱ ሁለት ሚ.ሜ ተኩል፣ ማለትም የራሱን ውፍረት ያህል፣ ርቆ ይቆይ። ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ጋደም አድርጋችሁ ጎትቱት፤ አትግፉት። ኤሌክትሮዱ እያለቀ ስለሚያጥር እጃችሁ ያለማቋረጥ ወደ ታች ይውረድ። ጀማሪ ይህን ሲረሳ አርኩ ይረዝማል፣ ፍንጣሪው ይበዛል። ትክክለኛው አርክ ቆርቆሮ ላይ ሳያቋርጥ እንደሚወርድ ዝናብ እኩል ድምፅ አለው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ኤሌክትሮዶች ቢጣበቁ አብሽሩ። የተጣበቀውን ጠምዘዝ አድርጋችሁ አላቅቁት፤ እምቢ ካለ ፒንሳውን ከፍታችሁ ልቀቁት እንጂ ማስኩን አታንሱ።

ከዚያ የብየዳውን መስመር አንብቡት። ሞገዶቹ እንደ ቀስት ጫፍ ከሾሉ ፈጥናችኋል። ብየዳው ሳይገባ ከላይ እንደ ገመድ ከተከመረ አምፔሩ አንሷል። ጠርዝና ጠርዙ ተበልቶ ቦይ ከሠራ አምፔሩ በዝቷል ወይም አርኩ ረዝሟል። ከ6 እስከ 8 ሚ.ሜ ስፋት ያለው፣ ሞገዱ ክብ የሆነ መስመር እስኪወጣ አንድ ሙሉ ፓኬት ብትጨርሱ ኪሳራ አይደለም። ቅርፊቱን ስታራግፉ ነጭ መነጽር አድርጉ፤ የጋለ ቅርፊት ዓይን ውስጥ ሲገባ ከብርሃኑ የባሰ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሁለት ቁራጭ ላሜራ እንደ ቲ አቁማችሁ በአንድ ወገን ብቻ በይዱ፣ ሲቀዘቅዝ ሞርሳ ላይ አስራችሁ የቆመውን ወደ ብየዳው በኩል በመዶሻ አጥፉት። ተሰብሮ ውስጡ የብረቱ የድሮ ጠርዝ ሳይቀልጥ ከታየ፣ ወይም ጥቁር ቅርፊት ተቀብሮ ከተገኘ፣ ውጩ ያማረ ቢሆንም ብየዳው አልያዘም።

ለበርና መስኮት የሚውሉት ስስ ብረቶች፣ ቱቦላሬና ኤልቲዜድ፣ ሌላ ነገር ናቸው። ውፍረታቸው አንድ ሚ.ሜ ተኩል ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ በ2.5 ኤሌክትሮድ በቀላሉ ይበሳሉ። 2.0 ሚ.ሜ ኤሌክትሮድ በ40 እና በ55 አምፔር መካከል ተጠቀሙ፤ ኤሌክትሮዱን ከኔጌቲቩ ጋር ማገናኘትም ይረዳል። ክፍተት አትተዉ። አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር በይዳችሁ ሌላ ማዕዘን ሂዱ። በሩን ሙሉ በሙሉ ከመበየዳችሁ በፊት አራቱን ማዕዘን በነጥብ ብቻ ያዙና ሰያፉን በሁለቱም በኩል ለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ያኔ በመዶሻ ይስተካከላል፤ ከተበየደ በኋላ አይመለስም። ዙሪያውን የሚዘጋ ቱቦላሬም ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ ይኑረው፤ ያለበለዚያ የታፈነው አየር ሞቆ የመጨረሻውን ብየዳ እየበሳ ይወጣል።

ግራይንደርን ሳንጠቅስ ብናልፍ ይቆጨናል። ከብየዳው የበለጠ ጣትና ፊት የሚወስደው እሱ ነው። ባለ 115 ሚ.ሜ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ገደማ ይዞራል። ባለ 230 ዲስክ የሚፈቀድለት 6,600 ነው። መከላከያውን ፈትቶ ትልቁን ዲስክ በትንሹ ማሽን ላይ መግጠም የዲስኩን ጠርዝ በሰከንድ ከተፈቀደለት 80 ሜትር ወደ 130 ሜትር ያደርሰዋል፤ ዲስኩም ይበታተናል። ዲስኩ መሐል ባለው የብረት ቀለበት ላይ የማለፊያ ጊዜው ተጽፏል። መቁረጫው ለመቁረጥ ብቻ ነው፤ በጎኑ አይሞረድበትም። የግራይንደሩም ፍንጣሪ ወደ ብየዳ ማሽኑ አይዙር፤ ማራገቢያው የብረቱን ብናኝ ስቦ በማሽኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ላይ ያስቀምጥና አንድ ቀን አገናኝቶ ያቃጥለዋል። ቀፎውን ግን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከመስመር ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ሰው የሚንጠለጠልበት ወይም ከሥሩ የሚቆምበት ሥራ ለጀማሪ አይሰጥ፤ ጀማሪውም አይቀበል። 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ አንድ ቶን ነው፤ የእሱ ማቆሚያ፣ የደረጃና የሰገነት መደገፊያ፣ የመኪና ሻሲ ልምድ ባለው ሰው ይሠሩ። ለኮንክሪት የሚታሰረውን ፌሮም በነጥብ ብየዳ መያዝ ይቅር፤ ካርቦኑ ብዙ የሆነው ፌሮ የተበየደበት ቦታ ድንገት ቀዝቅዞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ማሰሪያ ሽቦ ለዚሁ ነው የተሠራው።

የሙያ ኮሌጆቻችንን፣ በደሴ ወይዘሮ ስኂንን ጨምሮ፣ አንድ ነገር እንለምናለን። ማሽን ለገዙ ሰዎች በቅዳሜና እሁድ የሁለት ቀን አጭር ሥልጠና ቢከፍቱ፣ ግማሹ ስለ መስመርና ስለ እሳት፣ ግማሹ በፒንሳ ቢሆን፣ ከእኛም መካከል በነጻ የሚያግዝ አይጠፋም።

ማሽን ለምትሸጡ ወንድሞችና እህቶችም፦ ሰሌዳውን ለገዢው አንብቡለት፣ ቤቱ ያለው ሽቦ ስንት ካሬ እንደሆነ ጠይቁት፣ ቁጥር 10 ማስክ ከማሽኑ ጎን አስቀምጡ። ደንበኛው «ይሠራል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ በመደብሩ በር ላይ ያለ ማስክ ጫር አድርጎ ማሳየትም ይቅር። በዚያች ቅጽበት እሱም እናንተም አጠገብ የቆመውም ልጅ ብልጭታውን በባዶ ዓይን ታያላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
በብየዳና በኤሌክትሪክ ሥራ የተሰማራን ሙያተኞች
ከኮምቦልቻና ከደሴ